ሐርድ ዲስክ «ሞተ» ከመባሉ በፊት

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ሐርድ ዲስክ ተራ ዕቃ አይደለም። የኒካሕ ቪዲዮ፣ ከአገር ቤት የተላከ የእናት ድምፅ፣ የሟች አባት ፎቶግራፍ የሚቀመጠው በእርሱ ውስጥ ነው። ከአሮጌ ካሴት ወደ ኮምፒዩተር የተገለበጠ የወሎ መንዙማ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ ካሴቱ ከተገለበጠ በኋላ ብዙ ጊዜ ይጣላል፤ ባለ ድምፁ ሸኽም ወደ አኺራ ሄደው ይሆናል። ስለዚህ ሐርድ ዲስኩ አንድ ቀን ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ሳይዞር፣ ድምፅም ሳያሰማ ሲቀር ቤተሰቡን የሚያስደነግጠው የዕቃው ዋጋ አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህ ዝምታ በችኮላ እንደ ሞት መቆጠር የለበትም። መረጃው የተጻፈው በታሸገው ሣጥን ውስጥ በሚሽከረከሩት ማግኔታዊ ቅብ ባላቸው ዲስኮች ላይ ነው። ከሣጥኑ ሥር በብሎን የታሰረው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ደግሞ ኃይል ያከፋፍላል፣ ሞተሩን ያዞራል፣ ዲስኩን ከኮምፒዩተሩ ጋር ያገናኛል። ሰሌዳው በተቃጠለ ጊዜ በዲስኮቹ ላይ ያለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ነበረ ነው። የቤተ መጻሕፍት በር ቁልፍ ቢሰበር መጻሕፍቱ ጠፉ አይባልም።

የቃጠሎው መነሻ ብዙ ጊዜ ቀላል ስሕተት ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ትልልቅ ውጫዊ ሐርድ ዲስኮች በ12 ቮልት አዳፕተር ይሠራሉ፤ የብዙ ላፕቶፖች አዳፕተር ግን 19 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ መሰኪያዎቹም አንዳንዴ ይመሳሰላሉ። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስም ተመሳሳይ ጉዳት ይደርሳል። ለዚህ ሲባል በብዙ ሰሌዳዎች ላይ ትንሽ መከላከያ ዳዮድ ተተክሏል፤ ከመጠን ያለፈ ኃይል ሲመጣ ራሱ ይቃጠልና ሌላውን ያድናል። ጉዳቱ በእርሱ ላይ ብቻ ከቆመ፣ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ በቴስተር ለይቶ ሲያነሣው ሐርድ ዲስኩ እንደገና ሊዞር ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን መከላከያ የለውም፤ በትክክለኛው አዳፕተር አንድ ጊዜ አስነሥቶ መረጃውን ወደ ሌላ መገልበጥ እንጂ መልሶ ለዘወትር አገልግሎት ማዋል አይገባም። ሰሌዳው ከሣጥኑ ጋር የሚነካካበት የብረት ነጥብ ዝጎ በላጲስ ሲጸዳ ብቻ የተነሣ ዲስክም አለ።

ሰሌዳው ራሱ ከተበላሸ የሚሰጠው የተለመደ ምክር «ተመሳሳይ ሞዴል ገዝተህ ሰሌዳውን ቀይር» የሚል ነው። ለጥንቶቹ ዲስኮች ይህ እውነት ነበር። ዛሬ ግን እያንዳንዱ ሐርድ ዲስክ በፋብሪካ ውስጥ ከራሱ ማንበቢያ ራሶች ጋር ተለክቶ ይስተካከላል፤ የልኬቱም ውጤት በሰሌዳው ላይ ባለ፣ ብዙ ጊዜ ስምንት እግር ባለው ትንሽ ቺፕ ውስጥ ይቀመጣል። በአንዳንዶቹ ደግሞ በዋናው ፕሮሰሰር ውስጥ ነው፤ ያ ሥራውን ያከብደዋል። በሰሌዳው ላይ የታተመው ቁጥር እንዲመሳሰል ያስፈልጋል፤ ቺፑም ከአሮጌው ተነቅሎ በአዲሱ ላይ መበየድ አለበት። ይህን ሳያደርግ «ሰሌዳ ቀየርን፣ አልሠራም፣ በቃ ሞቷል» ብሎ ደንበኛውን የሚያሰናብት ሱቅ ሥራውን ገና አልጀመረም። የተቃጠለውን ሰሌዳ ወደ ቆሻሻ የሚጥል ደግሞ ከዚህ ይከፋል፤ የጣለው ቁልፉን ነውና።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የታሸገውን ሣጥን በሱቅ ጠረጴዛ ላይ የሚከፍት ነው። ማንበቢያው ራስ ከሚሽከረከረው ዲስክ በላይ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ይንሳፈፋል፤ አንድ የአቧራ ቅንጣት ለእርሱ ተራራ ነው። የሰሌዳን ሕመም ለማከም ሣጥኑን መክፈት ለጥርስ ሕመም ሆድ እንደ መቅደድ ይቆጠራል። «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ችግሩ ከውስጥ ሊሆን ይችላልና ኃይሉን ወዲያው አቋርጦ ንጹሕ ክፍል ላለው ባለሙያ መስጠት ነው።

አምራቾችም ከወቀሳ ነጻ አይደሉም። እንደ ዌስተርን ዲጂታል ማይ ፓስፖርት ባሉ አንዳንድ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች የዩኤስቢ መሰኪያው በቀጥታ ሰሌዳው ላይ ተበይዷል፤ ባለቤቱ የይለፍ ቃል ባያስቀምጥም እንኳ መረጃው ተመስጥሮ ይጻፋል። ዲስኮቹ ደኅና ሆነው ሳለ የሰሌዳው ጉዳት መረጃውን የማይፈታ ሊያደርገው ይችላል ማለት ነው። ምስጠራው ለሌባ ጥሩ መከላከያ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን የቤተሰቡን ትዝታ የሚያስቀምጥ ገዢ ይህን ከካርቶኑ ላይ በግልጽ ማንበብ ነበረበት።

ሌላው፣ ብዙም የማይነሣው ጉዳይ የአማና ነው። መረጃውን የሚያወጣው ሰው በቤት ውስጥ የተነሡ የሴቶችን ፎቶግራፎችና የቤተሰብን ገመና በእጁ ይይዛል። ደንበኛው ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ቅጂው በሱቁ ኮምፒዩተር ላይ ስንት ቀን እንደሚቆይና መቼ እንደሚጠፋ መጠየቅ መብቱ ነው፤ ሲገለበጥ አጠገብ መቀመጥም እንደዚሁ። ሥራው ባይሳካ የሚከፈለው ስንት እንደሆነ በደረሰኝ ላይ ይጻፍ፤ አሮጌው ሰሌዳም ከነቺፑ በከረጢት ታሽጎ ከዲስኩ ጋር ይመለስ፤ ዛሬ ያልቻለውን ነገ ሌላ ባለሙያ ይሞክረው ይሆናል።