የጨረር ሕክምና ቅንጦት ነውን? ለ«መከላከል ይቅደም» ባዮች የቀረበ ምላሽ

ስለ ካንሰር በተነሣ ቁጥር የሚደመጥ አንድ የታወቀ አስተያየት አለ። የጨረር ሕክምና መሣሪያ ውድ ነው፤ ባለሙያው ጥቂት ነው፤ ሕመምተኛውም የሚመጣው ከረፈደ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ውሱኑ የሕዝብ ገንዘብ ለክትባት፣ ለቅድመ ምርመራና ለጤና ጣቢያ ይዋል ይላል። ሐሳቡ ከቅንነት የመነጨ ነው፤ ከሚያራምዱትም ብዙዎቹ ለገጠር ጤና የደከሙ ናቸው። ይሁንና መደምደሚያው ከመነሻዎቹ አይከተልም።

አንደኛ፣ ክርክሩ መከላከል የሚቻለውን ካንሰር ብቻ ይዞ በካንሰር ሁሉ ላይ ይፈርዳል። የማህፀን ጫፍ ካንሰር ክትባት አለው፤ አገራችንም በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። በባሌ የአጋርፋን፣ የሮቤንና የጎባን ነዋሪ በተለይ የሚያሰጋው ግን ሕዝቡ የጉሮሮ ካንሰር የሚለው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው። በዚህ በሽታ ከሚታመሙት መካከል የአርሲና የባሌ ሰዎች ጎልተው እንደሚታዩ ሐኪሞች ደጋግመው መዝግበዋል። የሚፋጅ ገንፎና ትኩስ መጠጥ ቢጠረጠሩም መንስኤው ገና ተጣርቶ አላለቀም። ክትባት የለውም፤ በጤና ጣቢያ አቅም የሚሠራ ቅድመ ምርመራም የለውም። እንግዲህ ለአጋርፋ ገበሬ «መከላከል ይቅደም» ሲባል በምን ይከላከል ማለት ነው? ገንፎው በረድ ብሎ ይበላ ማለት መልካም ምክር ነው። ዛሬ ውሃ መዋጥ ላቃተው ሰው ግን ሕክምና አይሆንም፤ ጨረር ግን ዕጢውን አሳንሶ መዋጥ ሊመልስለት ይችላል።

ሁለተኛ፣ «ዘግይተው ይመጣሉ» የሚለው እውነት ነው፤ የሚደግፈው ግን ተቃራኒውን መደምደሚያ ነው። የማህፀን ጫፍ ካንሰር በዙሪያው ወዳለው አካል ከተስፋፋ በኋላ ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና መሆኑ ይቀርና ጨረር ከኬሞቴራፒ ጋር ይሆናል። ወደ አጥንት ለተዛመተ ካንሰርም በአንድ ቀን የሚሰጥ ጨረር ሥቃይን ያስታግሣል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር ለረጅም ዓመታት አዲስ አበባ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻውን ጨረር ሲሰጥ፣ ወረፋው ለወራት ሲጓተት፣ በጊዜ የመጣችው ሴት ራሷ ተራ ስትጠብቅ ዘገየች። ይህን መዘግየት የሕመምተኛው ጥፋት አድርጎ ማቅረብ ውጤቱን ከመንስኤው ማምታታት ነው።

ሦስተኛ፣ ቅድመ ምርመራን ከሕክምና ነጥሎ ማቆም አይቻልም። የጤና ጣቢያ ነርስ የማህፀን ጫፍ ቅድመ ካንሰር ብታገኝ እዚያው ታክመዋለች። ካንሰሩን ራሱን ብታገኝስ ወዴት ትልካለች?

አራተኛ፣ «መሣሪያው ይበላሻል» ይባላል። ይህ የጥገና ውል፣ አስተማማኝ መብራትና የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ እንደሚያስፈልግ እንጂ መሣሪያው እንደማያስፈልግ አያረጋግጥም። ባለው መሣሪያ መቆየትም ዋጋ ያስከፍላል፦ የጨረር ምንጭ የሆነው የኮባልት 60 ኃይል በየ5.3 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ምንጩ ካልተቀየረ አንዱን ሕመምተኛ ለማከም የሚወስደው ጊዜ እጥፍ ይሆናል።

ርቀቱን ደግሞ ተቃዋሚዎቻችን አይቆጥሩትም። የተለመደው የማህፀን ጫፍ ካንሰር ጨረር በሳምንት 5 ቀን ለ5 ሳምንት ያህል ይሰጣል። ከሮቤ አዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማሳዋንና ልጆቿን ትታ ያን ያህል ጊዜ ቤት ተከራይታ መቀመጥ የማትችለው እናት ሕክምናው በነጻ ቢሰጥ እንኳ አልደረሳትም። ለጅማ፣ ለሐረማያ፣ ለሀዋሳ፣ ለጎንደርና ለመቀሌ የጨረር ማዕከል እንዲቋቋም የተነደፈው ዕቅድ ትክክለኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ክትባቱም ምርመራውም ይስፋፋ፤ ይህን የሚቃወም የለም። ዛሬ የሚከተቡት ልጃገረዶች ጥቅሙን በሙላት የሚያዩት ከዐሥርተ ዓመታት በኋላ ነው፤ እናቶቻቸው ግን አሁን እየታመሙ ነው። ስለዚህ በጀት የሚያጸድቁ ወገኖች መሣሪያውን፣ ጥገናውን፣ የባለሙያውን ሥልጠናና ከሩቅ ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያውን በአንድ ላይ እንዲያጸድቁ እንጠይቃለን።