በሯጮች አገር ቀስ ብሎ መራመድ

አሰላ ላይ ማልዶ የወጣ ሰው ሯጭ ሳያይ አይመለስም። ኃይሌ ገብረሥላሴ የዚሁ አካባቢ ልጅ ነው። አለፍ ብለው በቆጂ ሲደርሱ ደግሞ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያሳደገውን ምድር ያገኛሉ። እንዲህ ባለ አገር የልብ ድካም ያለበት ሰው ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል፤ አንዱ «ተኛ፣ ምንም አትንካ» ሲል፣ ሌላው «ላብህ ካልወጣ ምኑን ስፖርት ሆነ» ይላል። ሁለቱም ምክር ከፍቅር ነው፤ ሁለቱም ግን ይጎዳል።

እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን «ከአቅምህ በላይ ሥራ» የሚል መፈክር እንዴት እንደሚሸጥ አውቃለሁ። «ቀስ በል» የሚለውን ግን ማን ይገዛል?

ድሮ ሐኪሞችም ቢሆኑ አልጋ ያዙ ነበር። መተኛት ግን የእግርን ጡንቻ ያመነምናል፤ ያን ጊዜ በጥቂት እርምጃ ትንፋሽ ያጥራል። በ2009 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ፣ 2,331 የልብ ድካም ሕሙማንን ያሳተፈ ጥናት ክትትል ያለው እንቅስቃሴ ለሕሙማኑ አደገኛ እንዳልሆነና ኑሯቸውንም በመጠኑ እንደሚያቀል አሳይቷል።

ምን ያህል ይክበድ? በ2007 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ ውስጥ 27 ሕሙማን ብቻ የተሳተፉበት ጥናት፣ እያረፉ የሚሠሩት ጠንካራ እንቅስቃሴ ከመካከለኛው እጅግ ይበልጣል ብሎ ብዙዎችን አስደስቶ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ 261 ሰዎች ሲፈተኑ ግን ብልጫው ጠፋ። እኔን የገረመኝ ሌላው ውጤት ነው፤ ከባዱን ከታዘዙት ግማሽ ያህሉ ከታዘዘው በታች፣ መካከለኛውን ከታዘዙት አብዛኞቹ ደግሞ ከታዘዘው በላይ ሠርተው ተገኙ። ሰው በሐኪም ክትትል ሥር እንኳ ልኩን መያዝ ይከብደዋል ማለት ነው።

የልብ ምት መቁጠርም ሁልጊዜ አይረዳም። እንደ ሜቶፕሮሎልና ካርቬዲሎል ያሉ መድኃኒቶች ምቱን ስለሚይዙት፣ ሰውየው ደክሞ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። የሚሻለው ወሬ ነው። እየተራመዱ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከቻሉ ልኩ ላይ ነዎት። ከአክስቴ ጋር ስንራመድ መላውን ሰፈር ታወራልኛለች፤ ዝም ካለች እርምጃችንን እንቀንሳለን። «አንተ ልጅ፣ ወሬ አስጨረስከኝ» ትለኛለች።

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከአዳማ ዘመድ ጥየቃ የመጣ ሕመምተኛ በአየሩ መሳሳት ብቻ ሊደክም ስለሚችል፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዝግ ብሎ ያሳልፍ። መንገዱም ቁልቁለትና ዳገት ነው፤ ሜዳ ላይ ቀላል የሆነው እርምጃ ዳገት ላይ ከባድ ይሆናል። ስለዚህ ሜዳውን ይምረጡ፤ ከ5 ወይም ከ10 ደቂቃ ይጀምሩ፤ ፍጥነቱን ሳይሆን ደቂቃውን ያስረዝሙ። ገበያ ደርሶ ሸክም ይዞ ዳገት መውጣት የእግር ጉዞ ተብሎ አይቆጠርም።

አንድ ነገር ግን አስምሩበት። በአገራችን በተለይ በወጣቶች ላይ ከልብ ድካም ዋና ምክንያቶች አንዱ፣ በልጅነት በወጉ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የልብ ቫልቭ ጉዳት ነው። የጠቀስኳቸው ጥናቶች ግን በዋናነት የልብ ጡንቻቸው የደከመባቸውን ይመለከታሉ። ቫልቭ በጣም የጠበበበት ሰው በመካከለኛ እንቅስቃሴም ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ «ስፖርት ልሥራ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ደቂቃ? ዳገት ይፈቀድልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። በየወሩ የሚወሰደው የፔኒሲሊን መርፌም «አሁን እየተራመድኩ ነው» ተብሎ አይቀርም።

ደረት ከጨመቀ፣ ራስ ካዞረ፣ ልብ ያለወጉ ከዘለለ ወዲያው ይቁም፤ ካልተወ ወደ ሐኪም ቤት። ሚዛን ያለው ጠዋት ጠዋት ሽንት ቤት ደርሶ ቁርስ ሳይቀምስ ይመዘን። በ3 ቀን 2 ኪሎ ከጨመረ ወይም እግሩ ካበጠ፣ የዚያን ቀን ጉዞው ወደ ሜዳው ሳይሆን ወደ ክሊኒኩ ነው፤ ያውም በባጃጅ።