ለዕለት ጉዞ የትኛው መኪና ይበጃል?

ኑሮው በኮልፌ ቀራንዮ የሆነ ገዢ ሞላው ከፍ ብሎ የጭቃ ጎማ የተገጠመለትን የመስክ መኪና ይምረጥ ወይስ መደበኛውን? ብዙዎች የኮብልስቶኑንና የክረምቱን ነገር አንሥተው «ከፍ ያለው አስተማማኝ ነው» ይላሉ። ፊዚክስ ግን በዚህ አይስማማም።

የግራና የቀኝ ጎማዎች ርቀት 1.6 ሜትር፣ የስበት ማዕከሉ ከመሬት 0.7 ሜትር ነው እንበል። ይህ መኪና በኩርባ ላይ እንዲገለበጥ የክብደቱን 1.14 እጥፍ የሚያህል የጎን ኃይል ያስፈልጋል። ማዕከሉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ግን ከክብደቱ ጋር እኩል የሆነ ኃይል ይበቃል። የጭቃ ጎማ ጥርሶቹ የተራራቁ በመሆናቸው አስፋልት የሚነካው ላስቲክ ያንሳል። ሞተሩ አራቱንም ጎማዎች ማሽከርከሩ ከጭቃ ለመውጣት ይረዳል፤ ፍሬን ሲያዝ ግን መደበኛውም መኪና የሚቆመው በአራቱም ጎማዎች ነው።

በየሳምንቱ ገጠር ለሥራ የሚወጣ ሰው የመስኩን ቢመርጥ ትክክል ነው። ከጦር ኃይሎች አየር ጤና ለሚመላለስ ግን መደበኛው ይበጀዋል። በዝናብ ቀን ድንገት መንገድ ለሚያቋርጥ ተማሪ ሕይወት ወሳኙ የፍሬን ርቀት ነውና፣ አንባቢያን ቤተሰባቸው መኪና ሲመርጥ ይህንን ያስታውሱ።