ቼልሲ፦ ግዢው ዛሬ፣ ወጪው ለነገ

የለንደኑ ቼልሲ የእግር ኳስ ክለብ ከ2003 ወዲህ ሁለት ዓይነት ባለቤቶች ተፈራርቀውበታል። የመጀመሪያው ከኪሳቸው መዥረጥ እያደረጉ የሚከፍሉ ቱጃር ነበሩ። ቀጥለው የመጡት ደግሞ የሒሳብ ማሽን ይዘው የገቡ የኢንቨስትመንት ሰዎች ናቸው። ደጋፊው «ከሁለቱ ማን ይበልጥ አባከነ?» እያለ ሲከራከር ይውላል። ነጋዴ ግን ሌላ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፤ የተገዛው ተጫዋች ወጪ የተቀመጠው የት ነው? የአሁኖቹ የቼልሲ ባለቤቶች አብዛኛውን ያስቀመጡት ነገ ላይ ነው፤ የጉዳዩ አሳሳቢነትም ከዚህ ይመነጫል።

ሩሲያዊው የነዳጅ ከበርቴ ሚስተር ሮማን አብራሞቪች ክለቡን በጁላይ 2003 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የነበረበትን ዕዳ ጨምሮ በ140 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ገዙት። በዚያው የዝውውር ወቅት ብቻ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ለተጫዋቾች ግዢ አፈሰሱ። ገንዘቡ ወደ ክለቡ ይገባ የነበረው ወለድ በሌለው ብድር መልክ ሲሆን፣ በ2022 መጠኑ 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል ደርሶ ነበር። በምትኩ 5 የፕሪሚየር ሊግና 2 የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫዎች መጥተዋል። በንግድ ዓይን ከታየ አክሳሪ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ዕዳው የተሸሸገ አልነበረም፤ አበዳሪው አንድ ሰው፣ ተበዳሪውም አንድ ክለብ ነበር።

አደጋውም ያው አንድ ሰው ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ማርች 10 ቀን 2022 በሚስተር አብራሞቪች ላይ ማዕቀብ ሲጥል፣ ክለቡ አዲስ ትኬት እንዳይሸጥ፣ ተጫዋችም እንዳይገዛና እንዳይሸጥ ተከለከለ። በሜይ ወር ክለቡ በ2.5 ቢሊዮን ፓውንድ ተሸጠ፤ ብድሩ ቀረ፤ የሽያጩ ገንዘብም በአጠቃቀሙ ላይ ስምምነት ጠፍቶ በታገደ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ለዓመታት ተቀመጠ።

ገዢው አሜሪካዊው ሚስተር ቶድ ቦሊና የካሊፎርኒያው ኩባንያ ክሊርሌክ ካፒታል የመሩት ቡድን ነው። ከሽያጩ ዋጋ ሌላ 1.75 ቢሊዮን ፓውንድ ለስታዲየሙ፣ ለታዳጊዎች ማሠልጠኛው፣ ለሴቶች ቡድኑና ለመሳሰሉት ሥራ ላይ እንደሚያውል ቃል ገባ። ይሁንና ከስታዲየሙ በፊት የተጣደፈው ወደ ተጫዋች ገበያ ነበር። በጃንዋሪ 2023 ቼልሲ ብቻውን ለዝውውር ያወጣው ገንዘብ የጀርመን፣ የስፔን፣ የጣሊያንና የፈረንሳይ ከፍተኛ ሊጎች ክለቦች ተደምረው ካወጡት ይበልጥ ነበር። በወሩ መጨረሻ ቀን አርጀንቲናዊው ኤንዞ ፈርናንዴዝ ከቤንፊካ በ106.8 ሚሊዮን ፓውንድ መጥቶ የ8 ዓመት ተኩል ኮንትራት ፈረመ። ክለቡ ያንን የውድድር ዘመን 12ኛ ሆኖ ጨረሰ። ለ12ኛነት ይህ ውድ ዋጋ ነው።

ኮንትራቱ ለምን ይህን ያህል ረዘመ? አንድ የመርካቶ ነጋዴ አይሱዙ የጭነት መኪና ቢገዛ ሙሉ ዋጋውን የዚያው ዓመት ወጪ አድርጎ አይመዘግብም፤ በአገልግሎት ዘመኑ እያካፈለ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ይይዛል። የእግር ኳስ ክለብም ለዝውውር የከፈለውን ዋጋ በኮንትራቱ ዓመታት ያካፍላል። ልዩነቱ፣ የመኪናውን የእርጅና ምጣኔ የግብር ሕጉ ሲወስን፣ የተጫዋቹን የሚወስነው ግን ገዢው ራሱ የሚፈርመው የውል ዘመን መሆኑ ነው። የፈርናንዴዝ ዋጋ በ5 ዓመት ቢካፈል በዓመት 21 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ወጪ ይመዘገባል። በ8 ዓመት ተኩል ሲካፈል ግን 12.6 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ይሆናል። ለቤንፊካ ከሚከፈለው ገንዘብ ላይ አንድም ሳንቲም አልቀነሰም። የቀለለው መዝገቡ እንጂ ካዝናው አይደለም።

መዝገቡን ማቅለል ያስፈለገበት ምክንያትም ግልጽ ነው። በወቅቱ የነበረው የፕሪሚየር ሊጉ ደንብ አንድ ክለብ በ3 ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳይከስር ይከለክል ነበር። ደንቡ የወረቀት ነብር አልነበረም፤ ኤቨርተን በኖቬምበር 2023 10 ነጥብ ተቀንሶበት በይግባኝ ወደ 6 ዝቅ ብሎለታል፤ ኖቲንግሃም ፎረስትም በማርች 2024 4 ነጥብ አጥቷል።

የዚህ አሠራር ጉዳቱ የሚታየው የተገዛው ተጫዋች ሳይሆን ሲቀር ነው። ቤልጂየማዊውን ሮሜሉ ሉካኩን እንውሰድ። በሚስተር አብራሞቪች ዘመን፣ በኦገስት 2021፣ በ97.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተገዝቶ የ5 ዓመት ኮንትራት ፈረመ። አልተስማማውም። አንድ ዓመት ተጫውቶ በውሰት ወደ ኢንተር፣ ቀጥሎ ወደ ሮማ ተላከና በ2024 ክረምት ለናፖሊ ወደ 25 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ መነሻ ዋጋ ተሸጠ። በደምሳሳው ሲሰላ ከ3 ዓመት በኋላ በመዝገብ ላይ የቀረው ዋጋ 39 ሚሊዮን ፓውንድ ነው፤ ስለዚህ ሽያጩ 14 ሚሊዮን ያህል ኪሳራ ያሳያል። ይኸው ተጫዋች በአዲሱ ፈሊጥ የ8 ዓመት ኮንትራት ፈርሞ ቢሆን ኖሮስ? በመዝገብ የሚቀረው 61 ሚሊዮን ገደማ፣ ኪሳራውም 36 ሚሊዮን ይሆን ነበር። ረጅም ኮንትራት ወጪውን አያጠፋውም፤ ዕቃው እምቢ ባለ ቀን ሰብስቦ ያመጣዋል። ደግሞም ተጫዋች እንደ አይሱዙ ጎማው ተነቅሎ አይቆምም። ወንበር ላይ ቢቀመጥም ደመወዙን ይጠይቃል፣ ውሉም ያስከፍልለታል።

አሠራሩ ሙሉ በሙሉ የዋህነት ነው ማለት ግን አይደለም። ኮል ፓልመር በሴፕቴምበር 2023 ከማንቸስተር ሲቲ በ40 ሚሊዮን ፓውንድ መነሻ ዋጋ መጥቶ በመጀመሪያው ዓመቱ 22 የሊግ ጎሎች አስቆጠረ። እንዲህ ያለውን ወጣት በረጅም ውል አስሮ መያዝ አዋቂ ነጋዴ የሚያደርገው ነው። በሌላው የሚዛን ሳህን ላይ ዩክሬናዊው ሚካይሎ ሙድሪክ አለ። ከጭማሪዎቹ ጋር እስከ 100 ሚሊዮን ዩሮ ሊደርስ በሚችል ዋጋ ለ8 ዓመት ተኩል ፈረመ፤ በዲሴምበር 2024 ደግሞ በአበረታች መድኃኒት ምርመራ ምክንያት በጊዜያዊነት ታገደ። እርሱ አውቆ አልወሰድኩም ብሏል። ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ የግዢው ወጪ በየዓመቱ መቆጠሩን አላቋረጠም።

ሕግ አውጪዎቹም ዝም አላሉም። የአውሮፓው የበላይ አካል ዩኤፋ ከጁላይ 2023 ጀምሮ፣ ፕሪሚየር ሊጉም በዲሴምበር 2023 ባሳለፈው ውሳኔ፣ የዝውውር ዋጋ ማካፈያውን በ5 ዓመት ገደቡት። ገደቡ ቀድሞ የተፈረሙትን አልነካም። ቼልሲ በሩ ሳይዘጋ ገብቷል።

ከዚያ በኋላ ሚዛኑን ለመጠበቅ መሸጥ ግድ ሆነ። በመዝገብ ዋጋቸው ዜሮ የሆነው ክለቡ ራሱ ያሳደጋቸው ልጆች ስለሆኑ ሲሸጡ ሙሉው ዋጋ ትርፍ ይባላል። ሜሰን ማውንት በ2023 በ55 ሚሊዮን ፓውንድ መነሻ ዋጋ ለማንቸስተር ዩናይትድ ሄደ። ኮነር ጋላገር በ2024 ለአትሌቲኮ ማድሪድ ተሸጠ። ሁለቱም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የቼልሲ ልጆች ነበሩ። ደንቡ ከደጅ የተገዛውን እንዲያቆዩ፣ በቤት ያደገውን እንዲሸጡ ይገፋፋል ማለት ነው። የክለብን ሕልውና ለመጠበቅ ለወጣ ደንብ ይህ እንግዳ ውጤት ነው።

ልጆቹም አልበቁ። በስታዲየሙ አጠገብ ያሉት 2 ሆቴሎች በ76.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጡ። ገዢው የክለቡ ባለቤቶች ሌላ ኩባንያ ነው። በጁን 2024 የሴቶች ቡድኑ በ200 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ እንዲሁ ወደዚያው ቤተሰብ ተዛወረ። በዚህም ክለቡ የ2023/24ን ሒሳብ 128.4 ሚሊዮን ፓውንድ ከግብር በፊት ትርፍ ብሎ ዘጋ። የሴቶቹ ቡድን ሽያጭ ከውስጡ ቢወጣ 70 ሚሊዮን ያህል ኪሳራ ይገኝ ነበር። ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ ማለት ይህ ነው። ዋጋው ተጋንኗል ማለት ግን ያስቸግራል፤ በሜይ 2025 አሜሪካዊው ሚስተር አሌክሲስ ኦሃኒያን ከዚህ ብዙም ባልራቀ ግምት ከሴቶቹ ቡድን አክሲዮን ገዝተዋል። ቁም ነገሩ ዋጋው አይደለም። የተሸጠ ሆቴል ድጋሚ አይሸጥም።

ፕሪሚየር ሊጉ እነዚህን ሽያጮች ሲፈቅድ ዩኤፋ ግን በእህት ኩባንያዎች መካከል የተደረገን ሽያጭ በገቢነት አልቆጠረውም። በጁላይ 2025 ቼልሲ 31 ሚሊዮን ዩሮ እንዲከፍል፣ የስምምነቱን ግዴታ ካላከበረም እስከ 60 ሚሊዮን ዩሮ እንዲጨምር ተወሰነ። በዚያው ወር ክለቡ ፓሪስ ሳን ዠርመንን 3 ለ 0 አሸንፎ የዓለም የክለቦች ዋንጫን ወሰደ። የባለቤቶቹ ደጋፊዎች ይህን ዋንጫ ከቅጣቱ ጎን አስቀምጠው «አዋጣን» ይላሉ። ለአንድ ዓመት እውነት ሊሆን ይችላል። ፈርናንዴዝ በ2023 የፈረመው ውል ግን እስከ 2031 ነበር።

በየዓመቱ ሳይሸጥ ገንዘብ የሚያመጣ ንብረት ስታዲየም ነው። ስታምፎርድ ብሪጅ የሚይዘው 40 ሺህ ያህል ሰው ሲሆን፣ የከተማው ተቀናቃኞች አርሰናልና ቶተንሃም ከ60 ሺህ በላይ ያስተናግዳሉ። ልዩነቱ በእያንዳንዱ ጨዋታ 20 ሺህ ወንበር ነው። ለተጫዋች የወጣው ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ይህን ክፍተት በአንድ ወንበር እንኳ አላጠበበውም።

መሬቱን ደግሞ እንደ ሆቴሎቹ ለእህት ኩባንያ ሸጦ መገላገል አይቻልም። የስታዲየሙ ይዞታ በ1993 የተቋቋመው ቼልሲ ፒች ኦውነርስ የተባለው የደጋፊዎች አክሲዮን ማኅበር ነው። በ2011 ሚስተር አብራሞቪች ይዞታውን መልሰው ለመግዛት ሞክረው 75 በመቶ ድምፅ ሲያስፈልጋቸው ያገኙት ከ62 በመቶ በታች በመሆኑ ሳይሳካ ቀርቷል። አዲሶቹ ባለቤቶችም ስለ ስታዲየሙ ምንም ቢያስቡ ከእነዚሁ ደጋፊዎች ጋር መነጋገር ይኖርባቸዋል። የቼልሲ ስም የመጠቀም መብትም በማኅበሩ እጅ ስለሆነ፣ ክለቡ ያለ ፈቃዳቸው ቦታውን ለቅቆ ቢሄድ ስሙን ይዞ መሄድ አይችልም።