የወርቅ ሣጥናችን መዝገብ ይኑረው

ፖይንት ኩክም ሆነ ፉትስክሬይ፣ የአበሻ ቤት ቢፈተሽ ከቁም ሣጥኑ ጥግ አንድ ቆርቆሮ ወይም የቬልቬት ሣጥን አይጠፋም። ውስጡም ከቤት ቤት ይመሳሰላል። የጥሎሽ ሐብል፣ የልጅ ክርስትና መስቀል፣ አንዱ የጠፋበት ጉትቻ፣ ከዱባይ የመጣ አምባር፣ የአያት የብር ድሪ፣ ሁሉም እርስ በርሱ ተጠላልፎ ይገኛል። “በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል” የሚባለው እንዲህ ያለውን አይተው ሳይሆን አይቀርም።

የምለው አጭር ነው። ወርቃችንን ከሌባ ስንደብቅ ታሪኩን ከልጆቻችንም ደብቀናል። ስለዚህ ጌጥን ማደራጀት ማለት ክፍልፋይ ያለው ቆንጆ ሣጥን መግዛት ብቻ አይደለም። መዝገብ መያዝም ነው።

ለእናቶቻችን ወርቅ ጌጥ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ሲቸግር የሚሸጥ፣ በስማቸው የሚጠራ ቁጠባ ነው። ዋጋውም እንደ ድሮው አይደለም። አንድ አውንስ፣ ማለትም 31.1 ግራም ገደማ ወርቅ፣ በዓለም ገበያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4,000 የአሜሪካ ዶላር ያለፈው በኦክቶበር 2025 ነው። በዚያ ሒሳብ 20 ግራም በሚመዝን የ21 ካራት ሐብል ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ ብቻ 2,250 ዶላር ገደማ ያወጣል። መኪናችን ኢንሹራንስ አለው፣ ላፕቶፓችን ባክአፕ አለው። ሐብሉስ?

እዚህ ያደገ ልጅ ሣጥኑን ቢከፍት ምን ያያል? ሁሉም ቢጫ ነው። እዚህ አውስትራሊያ በብዛት የሚሸጠው የ9 ካራት ወርቅ ንጹሕ ወርቁ 37.5 በመቶ ብቻ ነው። ከአገር ቤት የመጣው 18 ካራት 75 በመቶ፣ 21 ካራት ደግሞ 87.5 በመቶ ነው። ማኅተሙን ማንበብ ለሚያውቅ 375፣ 750 እና 875 የሚሉት ቁጥሮች ይህንኑ ይናገራሉ። ለማያውቅ ግን ሁሉም አንድ ነው።

የብሩ ነገር ይብሳል። አንጥረኞቻችን የአንገት መስቀልና ድሪ ይሠሩ የነበረው ብዙውን ጊዜ ጠገራ ብር እያቀለጡ ነው። ጠገራ ብር፣ ማለትም 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የማርያ ቴሬዛ ብር፣ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ንጹሕ ብሩ 83.3 በመቶ ነው። አብዛኛው የዱሮ መስቀል ግን ምንም ማኅተም የለውም። ሜልበርን ያለ ወርቅ ገዢ ሚዛን ላይ ያስቀምጠውና በግራም ዋጋ ይነግራችኋል። የማን እንደነበረ፣ በየትኛው ሰርግ እንደተሰጠ ሚዛኑ አያውቅም። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ደግሞ ልጅ “አሮጌ ነው” ብሎ ቢያስቀልጠው ምን ይፈረድበታል?

መዝገቡ ከባድ አይደለም። ኤክሴል ላይም ይሁን ደብተር ላይ ሰባት ዓምድ ይበቃል፦ ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ስም፣ ክብደት፣ ካራት፣ ከማን፣ መቼ፣ ለማን። ለእያንዳንዱ ዕቃ ከፊትና ከኋላ ፎቶ አንሱ፤ ማኅተም ካለው እሱን አቅርባችሁ። እኛ ቤት “ከማን” የሚለውን ዓምድ የሞላችው ጎንደር ያለችው እናቴ ናት። በቪዲዮ አንድ በአንድ እያሳየኋት ትናገራለች፣ ስልኩ ይቀዳል። ሁለት ሰዓት ፈጀ። የትኛው ቀለበት ተሸጦ ለማን ትምህርት እንደዋለ ሳይቀር የሰማሁት ያኔ ነው።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ብርና ወርቅ ለየብቻ ይሁኑ። ብርን የሚያጠቁረው በአየር ውስጥ ያለ የድኝ ውህድ ስለሆነ አየር በማያስገባ ትንሽ ላስቲክ ከረጢት አሽጉት፤ በጎማ ላስቲክ ግን አትሰሩት፣ ጎማውም ድኝ አለው። ሐብልን ቆልፋችሁ ለየብቻ አስቀምጡ፣ አይጠላለፍም። አምበርና ሉል ለስላሳ ስለሆኑ ሽቶና አልኮል አይንካቸው፣ ከአልማዝ ቀለበትም ጋር አይፋተጉ። መታጠቢያ ቤት እርጥብ ነው፣ ለጌጥ አይሆንም። ዋና ዋናዎቹን ወለል ወይም ግድግዳ ላይ በብሎን በታሰረ ካዝና ማኖር፣ ወይም መሃል ከተማ ካሉት የግል ካዝና አከራዮች ዘንድ ማስቀመጥ ይሻላል። የቤት ዕቃ ኢንሹራንስም ብዙውን ጊዜ ለጌጣጌጥ የራሱ ጣሪያ አለው። ውሉን አንብቡ፣ ውድ የሆነውን በስሙ አስመዝግቡ።

“ዝርዝር ከጻፍኩማ ለሌባ ካርታ ሠራሁለት” የሚሉ አሉ። “ዓይን አለ” የሚሉም አሉ። ስጋቱ ይገባኛል። ግን እኮ ሰርጋችንን ከነሙሉ ወርቃችን ቲክቶክ ላይ እየለቀቅን ነው! መዝገቡ ወርቁ የት እንደተቀመጠ አይናገርም። ከወርቁ ተለይቶ ይቀመጣል፤ አንዱ ቅጂ በይለፍ ቃል ተቆልፎ፣ ሌላው ታማኝ እህት ወይም ወንድም ዘንድ። ሌባ ቢገባ እንኳ ለፖሊስና ለኢንሹራንስ የምታሳዩት ይኖራችኋል። “ቢጫ ሐብል ነበረኝ” ማለት ብዙ አያስኬድም።

ከሁሉም በላይ “ለማን” የሚለው ዓምድ አይዝለል። ስለ ሞት ማውራት ስለማንወድ ኑዛዜ ሳይጻፍ ይቀራል። ከዚያ እህትማማቾች ለአንድ አምባር ይኳረፋሉ። አንዷ “እማዬ ለእኔ ብላለች” ትላለች፣ ሌላዋም እንደዚሁ፤ ምናልባት ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ብቻውን ሕጋዊ ኑዛዜ አይሆንም፣ ለኑዛዜው ግን ግማሹን ሥራ ይጨርሳል።

አባቶቻችን “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ። ወርቁማ አይበሰብስም፣ አይዝግም። የሚያልፈው የሚያውቀው ሰው ነው። እናት ወይም አያት በሕይወት ያላችሁ፣ በመጪው ቅዳሜ ሣጥኑን ይዛችሁ ደውሉላቸው።