ሃምሳ ጊዜ መጻፍ ትምህርት ነው?

ባለፈው ሰሞን የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የእህቴ ልጅ ደብተሯን ታቅፋ ስታለቅስ አገኘኋት። በእንግሊዝኛ ዲክቴሽን «ሳይን» የሚለውን ቃል ስትጽፍ «ጂ» የተባለችውን ፊደል ዘልላለች። ቅጣቱ ቃሉን ሃምሳ ጊዜ መጻፍ ነው። «የማትነበብ ጂ ምን ትሠራለች?» ብላ ብትጠይቅ መምህሯ «እንግሊዝኛ እንዲህ ነው» አሏት።

እንዲህስ አይደለም! «ሲግናል» እና «ሲግኔቸር» በሚሉት ቃላት ውስጥ ጂ በግልጽ ትሰማለች። «ሳይን» የእነርሱ ቤተሰብ ስለሆነ ድምፁ ቢጠፋም ፊደሉ የዝምድና ምልክት ሆኖ ቀርቷል። ይህን ለማስረዳት አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር።

የእንግሊዝኛ አጻጻፍ አስቸጋሪ መሆኑን አልክድም። ሕግ የለውም ማለት ግን የስንፍና መሸፈኛ ነው። «ሚስ» የተባለው ባዕድ መነሻ «ስፔል» ላይ ሲጨመር ሁለት ኤስ ይጻፋል፤ አንዱ ከመነሻው፣ አንዱ ከቃሉ። «ዲስ» እና «አፒር» ሲጋጠሙ ግን ኤስ አንድ ብቻ ናት፤ «አፒር» ኤስ የለውምና። «ሃፒ» ወደ «ሃፒነስ» ሲሄድ መጨረሻው ላይ ያለችው ዋይ ወደ አይ ትለወጣለች። ሕጎቹ አፈንጋጭ ቢኖራቸውም ብዙ ቃል ይከፍታሉ።

መርካቶ ውስጥ በየዕለቱ የምንሰማቸውን ኢምፖርት፣ ኤክስፖርትና ትራንስፖርት እንመልከት። «ፖርት» በላቲን መሸከም ነው፤ የሚለያዩት ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭና አሻግሮ በሚሉት መነሻዎች ነው። ሥሩን ያወቀ ልጅ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይጽፋል፤ ትርጉማቸውንም ያውቃል።

«ሕፃናትን በሰዋስው አታስጨንቁ» የሚሉኝ ይኖራሉ። ለመሆኑ ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት፣ መስበሪያ የሚሉትን ልጆቻችን ማን አስጠናቸው? ቃል ከሥር እንደሚረባ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያውቁታል። እኛም ብንሆን «ሥዕል» በንጉሡ ሠ ይጻፍ ብለን የምንሟገተው «ሠዓሊ» ከሚለው ዘመዱ እንዳይለይ አይደለምን?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃም ማስተማሪያ እንዲሆን ደንግጓል። በቃል ሸምድዶ ያደገ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ «ፎቶሲንተሲስ» ይጠብቀዋል። «ፎቶ» ብርሃን፣ «ሲንተሲስ» ማዋሐድ መሆኑን ካልነገርነው እሱንም ሃምሳ ጊዜ ሊጽፈው ነው።

የእህቴ ልጅ ቅጣቷን ጨረሰች። ደብተሯን አየሁት። ሠላሳ አንደኛው መስመር ላይ ጂ እንደገና ጠፍታለች።