ከችግኙ በፊት አፈሩን እንወቅ

በዚህ ገጽ ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለምንበላው ምግብና ስለምንወስደው መድኃኒት ነው። ዛሬ ግን ሁለቱም ከሚበቅሉበት ቦታ፣ ከግቢያችን እንነሳለን።

በየካ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም ከኮተቤና ከፈረንሳይ ሌጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት፣ አዲስ ቤት ሠርቶ የገባ ሰው ግንበኛው እንደወጣ የሚያስበው ስለ ዛፍ ነው። ሐሳቡ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ብዙ ሰው የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ችግኝ ይገዛል፤ አፈሩን ግን አይመረምርም። ጎረቤት የተከለውን ይተክላል፤ በቤቱ ውስጥ ሕፃን መኖሩን ግን አያስብም። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ለአዲስ ግቢ የሚወጣው የመጀመሪያ ገንዘብና ጉልበት ለአፈሩ ይሁን። ዛፍ ሲመረጥም መለኪያው ቶሎ ማደጉ ወይም «መድኃኒት ነው» መባሉ ሳይሆን፣ ለቦታው ከፍታና ለቤተሰቡ ደኅንነት መስማማቱ ይሁን።

ከእንጦጦ ምን እንማራለን?

እንደሚታወቀው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ስትስፋፋ በአካባቢው የነበረው የጽድና የወይራ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ተመናመነ። የእንጨት እጥረቱ ከመክፋቱ የተነሳ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ከመነቀል ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው።

የባሕር ዛፍ ውለታ አይካድም። ነገር ግን ለከተማ ማገዶ መፍትሔ የሆነ ዛፍ ለጠባብ ግቢም ይሆናል ማለት አይደለም። ባሕር ዛፍ ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ ሥሩ ሩቅ ይሄዳል፤ ከሥሩ ጎመንና ሰላጣ እንደልብ አይበቅሉም። በዋልካ አፈር ላይ በግድግዳ አጠገብ ሲተከል ደግሞ አፈሩን አድርቆ ስለሚያሸማቅቀው ለግድግዳ መሰንጠቅ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

አፈሩን እንዴት እናዘጋጅ?

በዳገቱ ላይ ያለው አፈር በአብዛኛው ቀይ ነው፤ ወደ ሜዳው ስንወርድ ዋልካው ይበዛል። ዋልካ በክረምት ውኃ ይዞ ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በአዲስ ቤት ግቢ ግን ከሁለቱም በላይ የሚያስቸግረው ግንበኛው ትቶት የሚሄደው ነው፦ ገረገንቲ፣ የሲሚንቶና የኖራ ፍርፋሪ፣ የቀለም ቆርቆሮ። ስለዚህ የሚከተሉትን እንድታደርጉ እመክራለሁ።

አንደኛ፣ ፍርስራሹን ለቅማችሁ አውጡ፤ አፈር አልብሳችሁ አትለፉት። ከየቦታው ጥቂት ደረቅ አፈር ወስዳችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ ወይም የሲሚንቶ ቅሪት አለበት ማለት ነው። እንዲህ ባለው አፈር ላይ የሚያድግ ተክል ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር በሚገባ መሳብ ስለሚያቅተው ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ያንን አፈር ማንሳትና መለወጥ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ጉድጓዱን በግንቦት ቆፍሩ። ስፋቱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለአብዛኞቹ ችግኞች ይበቃል። የላይኛውን አፈር ከታችኛው ለይታችሁ አስቀምጡ። ከዚያ ጉድጓዱን ውኃ ሙሉት፤ ሲሰርግ እንደገና ሙሉት። ውኃው እስከ ማግስቱ ከቆየ የዛፉ ሥር ይበሰብሳል። በእንዲህ ያለ ቦታ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ደልድሉና ከላዩ ትከሉ፤ ውኃው የሚወጣበት ቦይም አብጁለት።

ሦስተኛ፣ ለሦስት አካፋ የላይኛው አፈር አንድ አካፋ በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ፍግና አፈር የቴታነስ ጀርም ሊይዙ ስለሚችሉ በባዶ እግር አትሥሩ፤ የእጅ ጓንት አድርጉ፤ ክትባታችሁንም አሟሉ። ዶማ ወይም ሚስማር የወጋው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

አራተኛ፣ ዝናቡ ሲጠና በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ትከሉ። በበጋ አጠጡ፤ ከሥሩ ሣር ወይም ገለባ አልብሱት፤ ግንዱን ግን አያስነካ።

የትኛው ዛፍ?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ስለዚህ በቆላ ያየነው ሁሉ እዚህ አይሆንም። ልጆች በረመዷን የተበላውን የቴምር ፍሬ ተክለው ይበቅላል፤ ቅጠሉም ያምራል። ፍሬ እንዲሰጥ ግን እንደ አፋር ያለ ሙቀትና ደረቅ አየር ይፈልጋል። ማንጎም እንዲሁ የቆላ ነው።

ለምግብ የምትፈልጉ ኮክ ትከሉ፤ ብርዱን ይወደዋል። ፖምም በጨንቻ ደጋ እንደታየው በብርድ ያፈራል። ነገር ግን የተዳቀለ ችግኝ መሆኑንና ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን አረጋግጡ፤ ብቻውን የተተከለ ፖም በአብዛኛው እንደሚገባው አያፈራም። አቮካዶ ውርጭ በማይበረታበት ዝቅ ባለው የየካ ክፍል፣ ውኃ በማይተኛበት አፈር ላይ ይሆናል። ለጥላና ለውበት ወይራና ጽድ የቦታው ተወላጆች ናቸው፤ ዕድገታቸው ዝግተኛ ቢሆንም ዕድሜያቸው ረጅም ነው። ዝግባ ግን እጅግ ግዙፍ ስለሚሆን ለጠባብ ግቢ አይመከርም። የአገራችንን ዛፎች አይታችሁ ለመምረጥ የጉለሌ እፅዋት ማዕከልን ብትጎበኙ ትጠቀማላችሁ።

ግቢያችን ፋርማሲ አይደለም

በፋርማሲ ሥራዬ ስለ ሽፈራው የማይጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው። ሽፈራው የኮንሶና የጋሞ አካባቢ ሞቃት ቆላ ዛፍ ነው፤ በየካ ብርድ ይቸገራል። ቅጠሉ ጥሩ ምግብ ነው። ነገር ግን የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ቅጠሉን ተማምናችሁ መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ አደራ እላለሁ።

ኮሶም ለደጋው የሚስማማ ያማረ ዛፍ ነው። አበባው ለኮሶ ትል ለዘመናት ተጠጥቷል፤ ይሁን እንጂ መጠኑ ሲበዛ ዓይንን ይጎዳል፤ ያሳወረበትም ጊዜ አለ። ዛሬ መጠናቸው የታወቀ እንደ ፕራዚኳንቴል ያሉ መድኃኒቶች አሉ። ኮሶን ለጥላው ትከሉት፤ ለሕክምና ግን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የሕፃናት ጉዳይ ነው። የጉሎ ፍሬ ዝንጉርጉርና ማራኪ ነው፤ ጥቂት ፍሬ ማኘክ ሕፃን ሊገድል ይችላል። ለአጥር የሚተከለው የቅንጭብ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ለአበባው የሚተከለው ኦሊያንደር ከቅጠሉ እስከ ግንዱ የልብን ምት የሚያውክ መርዝ አለው። ጡሩንባ የሚመስል አበባ ወደ ታች የሚያንጠለጥለው ዛፍም እንደ አስተናግር አእምሮ ያናውጣል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት እነዚህ መተከል የለባቸውም፤ ካሉም ይነቀሉ።

ልጅ ከእነዚህ አንዱን ከበላ ወተት በማጠጣት ወይም ለማስታወክ በመሞከር ጊዜ አታጥፉ። የበላውን ቅጠል ወይም ፍሬ ይዛችሁ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ዓይኑን ከነካው ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ አጥባችሁ ውሰዱት።

ውድ አንባቢያን፣ ዛፍ መትከል ሰደቃ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። መልካም ኒያ ግን የአፈርን ጠባይ አይለውጥም፤ መርዝንም ምግብ አያደርግም። በጠባብ ግቢ ሁለት ዛፍ ይበቃል። ሁለቱ በተዘጋጀ አፈር ላይ፣ ከግድግዳው ቢያንስ አምስት ሜትር ርቀው ከተተከሉ፣ ተጣበው ከሚቀነጭሩ ዐሥር ችግኞች ይበልጣሉ። ግንቦት ሳያልፍ ዶማችሁን አንሱ። ኢንሻአላህ፣ ፍሬውን ልጆቻችሁ ያለ ስጋት ይበሉታል።

ወሰላሙ ዐለይኩም።